እድሩ አራት የስኳር መለኪያ ማሽን ከመግዛቱ በፊት

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን ወደ 200 አባወራ ይሆናሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከቀበርናቸው መካከል ስኳር የነበረባቸው በዝተውብናል፤ አንዱ እግራቸው ተቆርጦ፣ ሌላዋ ኩላሊታቸው ደክሞ ነው ያረፉት። ጠቅላላ ጉባኤው ‹ለቀብር ብቻ ከምናዋጣ አንድ ነገር እናድርግ› ብሎ ገንዘብ መድቧል። ባለፈው ወር ከስብሰባ በኋላ፣ ሻይ ቡና እየተባለ፣ በተውሶ ማሽን 42 ሰው ለካን። የጣት መውጊያው ስላነሰን በአልኮል እየጠረግን ተጠቀምን። 13 ሰው ከ140 በላይ ሆነ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ሽፈራውና አብሽ ጀምረዋል፤ አንዲት እናት እንጀራ እርግፍ አድርገው ትተው ከስተዋል። ጫት ስኳር ያወርዳል ብለው መድኃኒታቸውን ያቆሙም አሉ። አሁን አራት ማሽን ገዝተን ሰፈሩን በሙሉ በአንድ እሑድ ለመለካት አቅደናል። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ አራቱን ማሽኖች አትግዙ። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ፤ ከስኳሩ የሚቀድም ጉዳይ ግን አለ፤ እሱም መውጊያው ነው። ጫፉ ላይ የሚቀረው ደም በዓይን አይታይም፤ ሄፓታይተስ ቢ ለማስተላለፍ ግን ይበቃል። ይህ የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በአልኮል ጥጥ ጠረግ ማድረግ መውጊያውን ንጹሕ አያደርገውም። ስለዚህ የተለኩት 42 ሰዎች በሙሉ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለኤችአይቪ መመርመር አለባቸው። «እኔ መጀመሪያ ነበርኩ» ማለት አያዋጣም፤ ተራውን የመዘገበ ሰው የለም። አዲስ የገባ ቫይረስ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል ምርመራው ባለሙያው በሚሰጠው ቀጠሮ ይደገማል። ነጻ የሆነ ሰው ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይጠይቅ። በዚህ መንገድ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብርቅ በሽታ ስላልሆነ «ምን ይመጣል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ነገሩን ኮሚቴው ራሱ ለአባላቱ ይንገር፤ በሐሜት ከሰሙት ከዚህ በኋላ ለምንም ነገር ጣታቸውን አይሰጧችሁም። ለወደፊቱ ደንቡ አንድ ነው፤ አንድ መውጊያ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን)። እንደ እስክርቢቶ የሚጫነው የመውጊያ መያዣም መርፌው ቢቀየር እንኳ ለብዙ ሰው አይሆንም።

አሁን ወደ 13ቱ ሰዎች እንምጣ። ሻይ በስኳር እየጠጣ የተለካ ሰው 140ን (በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ሚሊ ግራም) ቢያልፍ የሚያስደንግጥ ነገር የለውም፤ ጤነኛ ሰውም ምግብ ከበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊያልፍ ይችላል። ጣቱን ሳይታጠብ ማንጎ ወይም ስኳር የነካ ሰው ደግሞ ማሽኑ የሚለካው ደሙን ብቻ ሳይሆን የጣቱንም ስኳር ነው። በዚያ ላይ ደረጃውን ያሟላ ማሽን እንኳ ከላቦራቶሪ ውጤት በ15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይፈቀድለታል። ስኳር አለ የሚባለው ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው ከደም ሥር በተወሰደ ደም 126 እና ከዚያ በላይ ሲገኝ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራም 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ እንዲሁ ነው። ምልክት የሌለው ሰው ላይ ውጤቱ በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና መክሳት ካለ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ከ13ቱ 200 የደረሰ ካለ ነገ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የቀሩት በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው በባዶ ሆዳቸው ይመርመሩ።

እንጀራ የተዉትን እናት ለብቻ ማንሳት አለብኝ። መክሳታቸው ምግብ ከመተዋቸው ሊሆን ይችላል፤ ስኳሩ ራሱ እያከሳቸውም ሊሆን ይችላል። ጥምና ሽንት ከበዛባቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይታዩ። ከሌለባቸው ወደ መደበኛ ምግባቸው ተመልሰው ይመርመሩ፤ ለብዙ ቀን ምግብ ትቶ የተለካ ስኳር እውነተኛውን መልክ ይደብቃል።

ከእቅዳችሁ ጋር የማልስማማበት ዋናው ነጥብ ይኸውና። መለካት መከላከል አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር መጀመሪያ የዓለም የስኳር ቀን ሲመጣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰልፎ፣ ፎቶ ተነስቶ ሲበተን እናያለን፤ ውጤቱ የወጣበት ሰው በማግስቱ የት እንደሄደ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በእንግሊዝ ካምብሪጅ አካባቢ ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ለስኳር ተጋላጭ የሆኑ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን ለአሥር ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ለምርመራ ከተጠሩትና ካልተጠሩት መካከል በሞት ቁጥር ልዩነት አልታየም። አገሩ የተለየ ነው፤ እዚያ ያልተጠራውም ሰው ውሎ አድሮ ሐኪም ያገኘዋል። ይህ ግን ለእናንተ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም፤ ከምርመራው በኋላ የሚይዘው እጅ በሌለበት ሰፈር ቁጥር መናገር ሰውን ወደ ሽፈራው ዱቄት መስደድ ነው። ባለፈው ወር ያያችሁትም ይህንኑ ነው።

ይህን ስል ምርመራ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም ተብሎ ይገመታል። ግን ሁለት መቶ ቤት ከማሰስ የሚገባውን ሰው መርጦ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይሻላል። የሚገባው ሰው፦ ዕድሜው ከ40 በላይ ሆኖ ሆዱ የገፋ፣ ማለትም የወገቡ ዙሪያ ለወንድ 94 ለሴት 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፤ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እኅት ስኳር ያለበት፤ ደም ግፊት ያለበት፤ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ወይም አራት ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ የወለደች፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ። ይህን ለመለየት የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ደብተር ይበቃል። የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከእናንተ ጋር ብትቀመጥ በሁለት ቅዳሜ ዝርዝሩን ትጨርሱታላችሁ። ዝርዝሩ ግን በጉባኤ አይነበብም። ያላገባች ልጅ ስም «ስኳር አለባት» ተብሎ ቢወጣ ምን እንደሚከተላት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ገንዘቡ የት ይዋል ከተባለ መልሴ አስቀድመው ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት ላይ ነው። የቀበራችኋቸውን ሰዎች አስቡ፤ እግራቸው የተቆረጠው አባት ስኳር እንዳለባቸው ሳያውቁ የሞቱ አይመስለኝም። በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው ብዙው ሰው ከእጅ የሚያመልጠው። መድኃኒት ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ከግል ለመግዛት ይቸገራል፤ የቀጠሮ ቀን የቀን ሥራው ይበልጥበታል፤ ደህና ሲሆን «ተሽሎኛል» ይላል፤ ጸበል የገባም ክኒኑን አብሮ መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስለዋል። ጸበሉን ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቁም። እድር ደግሞ ሰዎቹ የት እንደሚኖሩና ማን እንደቀረ የሚያውቅ ብቸኛው ተቋም ነው። በኤችአይቪ ዘመን በየከተማው ያሉ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን ደግፈዋል፤ ሐረር ውስጥ አፎቻ (እድር መሰል የመረዳጃ ማኅበር) ያላቸው ሰዎችም ይህን መንገድ ያውቁታል። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም።

በተግባር እንዲህ ነው። ፈቃደኛ የሆኑ የስኳር ሕሙማን አባላት በአንድ የምስጢር መዝገብ ይያዙ፤ መዝገቡን የሚያየው አንድ ሰውና ምክትሉ ብቻ ይሁኑ። የቀጠሮ ቀናቸው ይጻፍ፤ ከሁለት ቀን በፊት ይደወልላቸው፤ የቀረ ሰው በዚያው ሳምንት ቤቱ ድረስ ይጠየቅ። መድኃኒት ሲጠፋ የሐኪም ማዘዣ ያመጣ አባል ከግል ፋርማሲ እንዲገዛ እድሩ ይሸፍንለት፤ ክፍያው ለፋርማሲው ይሁን እንጂ እድሩ ራሱ ክኒን ገዝቶ አያከፋፍል። አንዱ ከሌላው ክኒን መዋስ የለበትም፤ ለአንዱ የተስማማው ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ኩላሊቱ የደከመውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ያቃታቸውን አባወራዎች መዋጮ መክፈልም ከማሽን ይልቅ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

እግር ላይ ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም በገንዘብ የማይለካ ለውጥ የምታመጡት እዚህ ነው። ስኳር የቆየበት ሰው የእግሩ ስሜት ቀስ በቀስ ይሞታል። በድሬ የቀን ሙቀት ነጠላ ጫማ አድርጎ ይወጣል፣ ጠጠር ይገባበታል፣ የጋለ አስፋልት ያቃጥለዋል፤ አያመውም። ባለመታመሙ ቁስሉን የሚያየው ከሸተተ በኋላ ነው። ስሜት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላ ሰው የቀኝ እግሩን አውራ ጣት፣ መሃል ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በየተራ በጣቱ ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ነካ ያደርጋል፤ ሳይጫን፣ ሳያሽ፣ ሳይቆነጥጥ። ከዚያ ግራውን። ሰውየው በተሰማው ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ያልተሰማው ሰው እግሩ አደጋ ላይ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ለዚህ ሰው ተረከዙንና ጣቱን የሚሸፍን ጫማ መግዛት የእድሩ ገንዘብ ጥሩ አጠቃቀም ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም፣ ስሜቱ የቀነሰውን በየወሩ እዩ። ሴቶችን ሴቶች፣ ወንዶችን ወንዶች ቢያዩ ሰው ይመቸዋል። እግር በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ በምላጭ የእግርን ጠንካራ ቆዳ መቅረፍ፣ ቁስል ላይ ማርና ቡና መነስነስ ይቁም። የቆሰለ እግር በ24 ሰዓት ውስጥ ባለሙያ ይየው፤ ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካመጣ በቀጥታ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ነው።

ጫት ስኳር ያወርዳል የሚለውን ወሬ ከድሬ እስከ ሐረር የማልሰማበት ሳምንት የለም። ወሬው ከየት እንደሚነሳ ማስረዳት ከማውገዝ ይሻላል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የዋለ ሰው እራት አይበላም። ማታ ግን ብዙዎች ዳኦኒል የሚሉትን ግሊቤንክላማይድ ወይም ኤንፒኤች ኢንሱሊን ወስዷል። መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል፣ የሚሠራበት ምግብ ግን የለም፤ ስኳሩ ሌሊት ይወድቃል። የጣለው ባዶ ሆድና መድኃኒት ነው፤ የሚመሰገነው ጫቱ ነው። ሌላኛው ሰው ደግሞ በርጫው ላይ ሻይ በስኳርና ለስላሳ ሲያፈራርቅ ይውልና 300 ላይ ይደርሳል። የአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ጠርሙስ ስኳር ወደ 32 ግራም፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ስኳር ያለበት ሰው የሚሞተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በልብና በደም ሥር ችግር ነው። ጨብሲ ሲጨመርበት ይብሳል፤ አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር አምርቶ ወደ ደም እንዳይለቅ ያግደዋል።

ከዚህ ሁሉ አደገኛው ስኳር ሲወርድ የሚታዩት ምልክቶች ምርቃና መምሰላቸው ነው። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ መነጫነጭ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ መደንዘዝ። አብረው የተቀመጡት «መርቅኗል» ወይም «ሰክሯል» ብለው ይተዉታል። ስለዚህ የበርጫ ጓደኞቹ መድኃኒት እንደሚወስድ ማወቅ አለባቸው። ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ስኳር ያለው ለስላሳ ይጠጣ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይድገም፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይደረግም፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በባጃጅም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት። ምክሬ ጫቱን መተው ነው። የማይተው ሰው ቢያንስ ምሳውን በልቶ ይቀመጥ፣ ለስላሳውን በውኃ ይተካ፣ እራት ትንሽም ቢሆን ይብላ። እራት ካልበላ የማታውን ግሊቤንክላማይድ አይውሰድ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መጠኑን በራሱ አይቀንስ፣ ጨርሶም አይተው፤ የመቃም ልማዱን ለሐኪሙ በግልጽ ተናግሮ ሰዓቱንና መጠኑን ያስተካክል። ሐኪሙም አይቆጣ።

ኢንሱሊን ካነሳን የድሬን ሙቀት መዝለል አይቻልም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በፍሪጅ ይቀመጣል፤ በረዶ ከያዘ ግን ሞቷል፣ ይጣላል። በአገልግሎት ላይ ያለው ለአራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ መቆየት ይችላል፤ አምራቾች ግን ብዙውን ጊዜ 30 ዲግሪን እንዳያልፍ ያስጠነቅቃሉ። ድሬ ውስጥ ሙቀቱ በዓመቱ ብዙ ወራት ከዚህ ያልፋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሰሜን ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን የሙቀት ሁኔታ ተከትለው ያደረጉትና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን ያጽናናል፤ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ሲወጣና ሲወርድ አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን ይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ ፍሪጅ የሌለው ሰው ኢንሱሊን መጀመር አይችልም ማለት ስህተት ነው። ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሃሉን እርጥብ አሸዋ ሙሉት (አሸዋ ለድሬ ሰው አይጠፋም)፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑና ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አኑሩት። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ብልቃጡ በደረቅ ፕላስቲክ ይጠቅለል። መስኮት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ የተረሳውን ግን አትመኑት። ኤንፒኤች በመዳፍ መሃል ተንከባሎ እኩል ነጭ መሆን አለበት፤ ቅንጣት ከታየበት ወይም ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ይጣል። ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን ጥርት ያለ ካልሆነ እንዲሁ።

ምግብ ላይ አጠር ልበል። ስኳር በሽታ የሚመጣው ስኳር በመላስ ብቻ አይደለም፤ ጤፍም ሆነ ማሽላ፣ ሩዝም ሆነ ፓስታ ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። እንጀራን መተው ሳይሆን መጠኑን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ከውጭ የመጡ መመሪያዎች «ሳህንህን ለሁለት ክፈል» ይላሉ፤ ከአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብ ይህ ብዙ አይረዳም። የስኳር ሕመምተኛው ድርሻ ከመጀመሪያው ተቆርጦ በፊቱ ይቀመጥ፣ ጎመንና ሰላጣው ይብዛለት፣ ሲያልቅ ወጡን እንጂ እንጀራውን አይጨምር። ማር፣ ተምርና ስፕሪስ ጁስ «ተፈጥሮ» ስለሆኑ ብቻ የተፈቀዱ አይደሉም። አብሽና ሽፈራው በምግብ መልክ ጉዳት የላቸውም፤ የመድኃኒትን ቦታ ግን አይይዙም፤ መራራ ነገር ጣፋጭን ያሸንፋል የሚለው በምላስ ላይ እንጂ በደም ውስጥ አይሠራም። ረመዳን የሚጾም አባል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ በጾም ላይ እያለ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ያፍጥር፤ ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይስማማሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ኦርቶዶክሳዊም የጠዋት ክኒኑ ሰዓት ከጾሙ ጋር መታረቅ አለበት፤ ኢንሱሊን የሚወጉ፣ እርጉዞችና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ባይጾሙ እመክራለሁ፤ ለዚህም የንስሐ አባትንና ኢማሙን ወደ ስብሰባችሁ መጥራት ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

ልጆች ተረስተው እንዳይቀሩ። ስኳር የወፍራምና የትልቅ ሰው ብቻ አይደለም። በቅርቡ ሽንት የበዛበት፣ አልጋ ላይ መሽናት እንደገና የጀመረ፣ የከሳ፣ ከዚያ የሚያስመልሰውና ሆዱን የሚያመው ልጅ ሰውነቱ የሚያመርተው ኢንሱሊን አልቆበት ሊሆን ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ቺኩንጉንያ ባየች፣ ወባም በማትለቃት ከተማ የሚያስመልስ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው ለእነዚህ ነው፤ ትክክልም ነው። ወላጅ ግን «የስኳሩንም ለኩልኝ» ይበል። ትንፋሹ ከፈጠነ ሰዓታት ናቸው ያሉት። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ትኩሳት ይዞት ምግብ ቢያቅተውም ኢንሱሊኑ አይቆምም፤ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰዳል።

መከላከልን በተመለከተ የምትችሉት ነገር በእጃችሁ ነው ያለው፤ ድንኳናችሁ። ለቅሶ ቤት የሚቀርበውን የሚወስነው እድሩ ነው። ሻዩ ሳይጣፍጥ ይቅረብ፣ ስኳሩ ለብቻው ይቀመጥ፣ የለስላሳው ሳጥን በውኃ ይተካ። መጀመሪያ ላይ ቅሬታ ይኖራል፤ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ከወሰነ ግን ማንም በግሉ «ስስታም» አይባልም። በአሜሪካ በ3,234 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ታዋቂ ጥናት ስኳራቸው ድንበር ላይ የነበሩ ሰዎች ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ በባለሙያ ሲታገዙ ወደ ስኳር በሽታ የሚያልፉት በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ በሜትፎርሚን 31 በመቶ ነበር። ክብደቱን የቀነሱት በብዙ ክትትል እንጂ በአንድ ቀን ንግግር አልነበረም። ለእናንተ ይህ ማለት ፀሐይ ሳትበረታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ደቂቃ አብረው የሚራመዱ ሰዎች ማለት ነው። ድሬ ሜዳ ናት፤ ሐረር ቢሆን ዳገቱ ሰበብ ይሆናችሁ ነበር። የሚያስቸግራችሁ በየበሩ የሚቆመው ባጃጅ ነው።

እንግዲህ የማያሻማ ምክሬ ይህ ነው። የእሑዱን ዘመቻ ሰርዙት። በዚህ ሳምንት 42ቱን ሰዎች ለደም ምርመራ ላኩ፤ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ጋር ተቀምጣችሁ ከእናንተ የሚላኩትን ሰዎች በምን ቀን እንደሚቀበል ተስማሙና በጽሑፍ ያዙት። ይህ ስምምነት ሳይኖር አንድም ሰው አትለኩ። አንድ ማሽን ብቻ ግዙ፤ እሱም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስዱት መከታተያ ይሁን። ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ከማሽኑ ዋጋ በፊት ስትሪፑ በከተማው ፋርማሲዎች ዘወትር መገኘቱን ጠይቁ፤ ዕቃው ተከድኖ ከሙቀትና ከእርጥበት ይራቅ፤ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት። ቀሪው ገንዘብ ለመድኃኒት ክፍተት፣ ለጤና መድን መዋጮና ለጫማ ይመደብ። መጠን መቀየር፣ መድኃኒት ማስጀመርና ማስቆም፣ «ድነሃል» ማለት የእድሩ ሥራ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ምርመራ፣ የሽንት ፕሮቲንና የኩላሊት ምርመራ፣ በየቀጠሮው የደም ግፊት መለካት እንዲደረግላቸው ግን አባላቱ ራሳቸው መጠየቅን ይልመዱ፤ ጤና ጣቢያው የማይሠራውን ወደ ሆስፒታል ይልከዋል።

ሥራው መሄድ አለመሄዱን ለማወቅ በየሦስት ወሩ አንድ ነገር ቁጠሩ፤ በመዝገቡ ላይ ካሉት ስንቶቹ በቀጠሯቸው ቀን ተገኙ። ከግማሽ በታች ከሆኑ የቀሩትን አንድ በአንድ ጠይቁ። የትራንስፖርት ይሁን፣ የመድኃኒት እጦት ይሁን፣ ወይስ ጤና ጣቢያው በር ላይ የሚፈጀው ግማሽ ቀን፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ወጪያችሁ እዚያ ላይ ይሁን።